የጣና ዳር ማሸጊያ፦ ከአልጌ ተነሥቶ እንቦጭ ላይ የደረሰ የጉዳይ ጥናት

ከአልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ከሚያድግ ተክል መሰል ፍጥረት፣ የሚሠራና ከአገልግሎት በኋላ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ማሸጊያ በውጭ አገር ገበያ ላይ መታየት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ ባሕር ዳር ላይ ሲነሣ ሰሚው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሐይቁ ያዞራል፤ ጣና ሰፊ ነው፣ ፀሐይ አለ፣ አረንጓዴ ነገርም ከውሃው ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህም ጥሬ ዕቃው በእጃችን ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ቶሎ ይደረሳል። ይህ ጥናት ያንን ድምዳሜ ከሐይቁ እውነተኛ ሁኔታ ጋር እያስተያየ ይመረምራል። አቋሜን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፣ ለጣና ዳር የሚሆነው ጥሬ ዕቃ አልጌ ሳይሆን እንቦጭ ነው፤ ከእርሱ የሚሠራው የመጀመሪያ ምርትም የምግብ መጠቅለያ መሆን የለበትም።

የፌስታል ጉዳይ በሕግ መታየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች በሆነ፣ በማይበሰብሱ ፌስታሎች ላይ ገደብ ጥሎ ነበር፤ ገደቡ ግን በገበያው ላይ እምብዛም አልታየም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን በመከልከል ተጠቃሚውንም ጭምር በቅጣት ተጠያቂ የሚያደርግ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሱቁ የሚሰጠው ጨርቅ መሳይ ቦርሳ መፍትሔ መስሎ ይታያል፤ ይሁንና አብዛኛው ከፖሊፕሮፒሊን ጭረት (ቀጭን ክር) የተሠራ ነው። ጨርቅ ይምሰል እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ ሐይቁ ዳር ሲጣል የሚበሰብስ አይደለም።

ባሕር ዳር ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው የማሸጊያ ጥያቄ በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ መሸጫ ይገኛል። ቀረሶ የተባለው ዓሣ ይገፈፋል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሳያልቅ ስስ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ከሥጋው ጋር የቀረች አንዲት ሹል አጥንት ፌስታሉን ስለምትበሳው ሻጩ ሁለተኛ ይደርብበታል። ፔሊካኖቹ አንጀትና ቆዳውን ሲሻሙ ባዶው ፌስታል በነፋስ ተነሥቶ ከደንገሉ ሥር ይጠመጠማል። ይህንን ያየ ሰው ከአልጌ የሚሠራው ስስ ማሸጊያ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ምክንያቱን ለማየት አልጌው ራሱ ምን እንደሚሰጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

የባሕር አልጌ የሚሰጠውና የጣና አልጌ የማይሰጠው

የአልጌ ማሸጊያ ሲባል በአብዛኛው የሚነገረው በጨዋማ ባሕር ውስጥ ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው ወይም በገመድ ታስረው ስለሚያድጉት ትላልቅ አልጌዎች ነው። ከቡናማዎቹ አልጂኔት፣ ከቀያዮቹ ደግሞ አጋርና ካራጊናን የሚባሉ ዝልግልግ ንጥረ ነገሮች ይወጣሉ። አልጂኔትን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለይቶ ያወጣው እንግሊዛዊው ኬሚስት ስታንፎርድ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሶዲየም አልጂኔት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ እንዳይሰባበር ጥቂት ግሊሰሪን ይጨመርበታል፣ በትሪ ላይ በስሱ ይፈስሳል፣ ከዚያም የካልሲየም ክሎራይድ ውሃ ሲረጭበት ካልሲየሙ ረጃጅሞቹን ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚያስተሳስራቸው ፈሳሹ ወዲያውኑ ረግቶ ሊላጥ የሚችል ስስ ገበር ይሆናል። ኖትፕላ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 በለንደን ማራቶን ለሯጮች መጠጥ ያቀረበባቸው ሊበሉ የሚችሉ እንክብሎች የዚሁ ጥበብ ውጤት ናቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 ለአካባቢ ጥበቃ ሥራ የሚሰጠውን የኧርዝሾት ሽልማት አግኝቷል።

ይህ ሁሉ የቆመው ከባሕር በሚሰበሰብ ምርት ላይ ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ35 ሚሊዮን ቶን በላይ እርጥብ የባሕር አልጌ ይመረታል፤ አብዛኛው በእስያ፣ በተለይም በቻይናና በኢንዶኔዥያ የሚለማ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ዛንዚባር ሲሆን፣ በዚያ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተለይ ሴቶች ቀይ አልጌን በገመድ እያሰሩ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ያለማሉ። እነዚህ ዝርያዎች ጨው ይፈልጋሉ። ጣና የጨዋማ ውሃ ሐይቅ ስላልሆነ ቢመጡም አይበቅሉበትም፤ ቢበቅሉ ኖሮ ደግሞ ሌላ መጤ አረም አስገባን ማለት ነበር።

ጣና የራሱ አልጌ የለውም ማለት አይደለም፤ አለው፣ ነገር ግን በዓይን የማይታዩ ደቃቃዎች ናቸው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ይዞ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ የማያልፍ በመሆኑ ነፋስ ደለሉን በቀላሉ ያነሣዋል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ የሚያመጡት አፈር ሲጨመርበት ውሃው ደፍርሶ ብርሃን ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ብርሃን ካልገባ አልጌ አይበዛም። በሚበዛባቸው ቦታዎችና ወቅቶች ደግሞ አንዱ ችግር ማይክሮሲስቲስ ነው፤ ይህ ሰማያዊ አረንጓዴ ዝርያ በጣና ውስጥ የተመዘገበ ሲሆን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ከእርሱ ሊሠራ የታሰበ ምግብ መጠቅለያ ከመነሻው አይታሰብም።

በገንዳ ማልማትስ? ደቃቃ አልጌ በክፍት ገንዳ ሲለማ በአንድ ሺሕ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ደረቅ ምርት ግማሽ ኪሎ ወይም ቢበዛ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ቀሪውን ውሃ ለማስወገድ ማጣሪያ፣ ማሽከርከሪያና ማድረቂያ ያስፈልጋል። የሚገኘው ዱቄትም በአብዛኛው ፕሮቲን እንጂ እንደ አልጂኔት የሚረጋ ዝልግልግ ነገር አይደለም። በቢሾፍቱ አካባቢ ባለው አረንጓዴ ሐይቅና በሻላ ሐይቅ አጠገብ ባለው ጭቱ ሐይቅ በተፈጥሮ የሚበዛው ስፒሩሊና የተባለው ደቃቃ አልጌም ከፍተኛ አልካላይነት ያለው የሶዳ ውሃ የሚወድ ነው፤ ደግሞም በገበያ ላይ ያለው ዋጋ የምግብ ማበልጸጊያ ዋጋ ነው። ያንን ከረጢት ማድረግ ቅቤን ለግድግዳ ልስን እንደ ማዋል ነው።

አልጂኔትን ከውጭ ማስገባት ይቻላል። በውጭ ምንዛሪ፣ በጅቡቲ በኩል፣ በኪሎ ይገዛል። ዋናው ጥሬ ዕቃ እርሱ ከሆነ ግን የሚወጣው ማሸጊያ ከፌስታሉ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። በዚያ ላይ ከአልጌ የሚሠራ ስስ ገበር ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይላላልም። ለደረቅ ሻይ ቅጠል ወይም ለቅመም ይሆናል፤ ውሃው ላልተንጠፈጠፈ ቀረሶ ግን አይሆንም። ስለዚህ ከላይ የተገለጸው የዓሣ ገበያ ለአዲሱ ማሸጊያ የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው ደንበኛ ሊሆን ይገባዋል።

በሐይቁ ላይ ያለው ጥሬ ዕቃ

እንቦጭ በአገራችን ቀደም ሲል በቆቃና በአዋሽ ይታወቅ ነበር፤ በጣና ላይ መታየቱ የተዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መነሻው ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በመገጭ መግቢያ አካባቢ ሲሆን ከደንቢያና ጎንደር ዙሪያ ወደ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ተስፋፍቷል። ተስማሚ ሁኔታ ሲያገኝ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን እጥፍ ያደርጋል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ተቀብሮ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አርሶ አደሩ በዘመቻ ወጥቶ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል፤ አልቅቱና ቢልሃርዝያው የዚያ ሥራ ያልተጻፈ ዋጋ ነው። የተነቀለው ግን በአመዛኙ ዳር ላይ ተከምሮ ይበሰብሳል ወይም ይቃጠላል።

የእንቦጭን ዘንግ ሰንጥቆ ለሚመለከት ሰው ውስጡ በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው፤ የሚያንሳፍፈውም ይኸው አየር ነው። በጣት ሲጨመቅ ውሃው ወጥቶ በመዳፍ ላይ የሚቀሩት ቀጫጭን ክሮች ለዚህ ጥናት ዋናው ነገር ናቸው። ዘንጉ በፀሐይ ሲደርቅ ቁመቱ ብዙም ሳይቀንስ ውፍረቱ ተሰብስቦ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ይሆናል፤ በታይላንድና በቬትናም ቅርጫትና ወንበር የሚጎነጎነው ከዚህ ጥብጣብ ነው። የደንገል ታንኳ መሥራትና አገልግል መስፋት የለመደ እጅ በሐይቁ ዙሪያ ስላለ ጉንጎናው ለእኛም እንግዳ አይሆንም። ደንገሉን ራሱን ለማሸጊያ እንጨድ የሚል ሐሳብ ግን መቅረብ የለበትም፤ በዳርቻው እየሳሳ ያለ፣ ለዓሣ መራቢያም የሚያስፈልግ ተክል ነው።

ችግሩ ውሃው ነው። ከእርጥቡ እንቦጭ ክብደት ከ90 በመቶ በላይ ውሃ በመሆኑ ከ100 ኪሎ የሚገኘው ደረቅ ነገር 6 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሥሩ ተቆርጦ፣ ተቀቅሎና ታጥቦ ግማሹ ጭረት ሆኖ ቢተርፍ 3 ኪሎ ማለት ነው። 5 ቶን እርጥብ እንቦጭ የጫነ አይሱዙ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ሲነዳ 4.7 ቶን ውሃ አመላልሶ ለፋብሪካው 150 ኪሎ ጭረት ያደርሳል። በዚህ ስሌት የሚሠራ ድርጅት ነዳጁን እንኳ አይሸፍንም። ስለዚህ አረሙ መድረቅ ያለበት እዚያው ዳርቻው ላይ ነው፤ ፋብሪካው ባሕር ዳር ቢሆንም የመጀመሪያው ግማሽ ሥራ ፎገራና ደንቢያ ላይ ያልቃል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ በጥቂቱ ትረዳለች፦ አረሙ በብዛት የሚታየው ክረምቱ አልፎ ሐይቁ ከሞላ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲሆን፣ ዝናቡ የሚቆመውና ፀሐዩ የሚጠናውም በዚያው ወቅት ነው።

ማድረቂያው ከሐይቁ ጠርዝ ራቅ ብሎ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ ላይ መሆን ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ዘሩና ቁርጥራጩ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። አበባ ያወጣውን ክፍል ለይቶ መቅበር፣ ሥሩንም እዚያው ቆርጦ ማስቀረት ያስፈልጋል። እንቦጭ ከውሃ ውስጥ እርሳስን፣ ካድሚየምንና ክሮምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን የመሳብ ችሎታ አለው፤ የሚከማቹትም በይበልጥ በሥሩ ላይ ነው። ሥሩን ማስወገድ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ በመሆኑም ከዚህ ጭረት የተሠራ ዕቃ ተመርምሮ ንጽሕናው እስካልተረጋገጠ ድረስ እንጀራም ሆነ ዓሣ ሊጠቀለልበት አይገባም። ለምግብ መጠቅለያነት ቅድሚያ መስጠት ስሕተት ነው የምለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ከጭረት ወደ ዕቃ

የደረቀው ዘንግ ተከትፎ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያም ይቀቀላል። ኮስቲክ ሶዳ ሥራውን ያፋጥነዋል፤ ነገር ግን ከቅቀላው የሚወጣውን ጥቁር ፈሳሽ የሚያክም ገንዳ የሌለው ድርጅት ፈሳሹን የሚለቀው ወደ ዓባይ ወይም ወደ ጣና ነው፣ ሐይቁን ከአረም አድናለሁ ብሎ ሐይቁን መመረዝ ይሆናል። ለነጭ ወረቀት ካልሆነ በቀር ያን ያህል ንጹሕ ጭረት አያስፈልግም፤ የአመድ ውሃና በቂ ውቀጣ ይበቃል። የተወቀጠው ጭረት ብዙ ውሃ ባለው ገንዳ ውስጥ ይበተናል፣ በወንፊት ቅርጽ ይወጣል፣ ተጨምቆ በፀሐይ ይደርቃል። ወረቀት ያለ ሙጫ የሚያያዘው ሴሉሎሱ (የተክል ጭረት የተሠራበት ንጥረ ነገር) ሲደርቅ ጭረቶቹ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ነው፤ ይህ ትስስር በውሃ የሚፈታ መሆኑ ግን የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው።

ኬንያ ውስጥ በናይቫሻ ሐይቅ ላይ ያለውን እንቦጭ ወደሚበሰብስ ማሸጊያና የችግኝ ከረጢት የሚለውጥ ሃያፓክ የተባለ ድርጅት አለ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ፌስታልን በጥብቅ መከልከሏ ገበያውን ከፍቶለታል። የችግኝ ከረጢት ማሸጊያ ነው ወይ የሚል ይኖራል፤ ተክሉን ከችግኝ ጣቢያ እስከ ማሳ የሚያደርስ ዕቃ እስከሆነ ድረስ ነው። ለእኛም ትክክለኛው መግቢያ ይህ ነው፣ ምክንያቱም መበስበሱ ጉድለት ሳይሆን የሚፈለግ ባሕርይ የሚሆንበት ዕቃ ይኸው ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ የሚተከለው ችግኝ ቁጥሩ ከፍተኛ ነው፤ ብዙው ፕላስቲክ ለብሶ ያድጋል፣ ፕላስቲኩም በየተራራው ላይ ይቀራል። ሳይወልቅ የተተከለ እንደሆነ ደግሞ ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ይጠማዘዝና ተክሉ ይቀጭጫል።

ሆኖም ወዲያውኑ ወደ ደን ችግኝ መሮጥ አያዋጣም። የደን ችግኝ በበጋው ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ እስኪደርስ በጣቢያው ውስጥ ለወራት ውሃ ይጠጣል። ያለ ተጨማሪ ነገር የተሠራ የእንቦጭ ኩባያ በዚያ ርጥበት ውስጥ ያን ያህል አይቆይም፤ ችግኙ ሳይደርስ እቃው ይበታተናል፣ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛውም ሁለተኛ አይሞክረውም። አንድ አዲስ ዕቃ ስሙ አንድ ጊዜ ከጠፋ መልሶ ማቅናቱ ከባድ ነው። በጣቢያ የሚቆየው ለሳምንታት ብቻ የሆነው የቲማቲም፣ የቃሪያና የጥቅል ጎመን ችግኝ ግን ለዚህ ኩባያ የተመቸ ነው። ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ታስቦ የተሠራው የቆጋ መስኖ ከባሕር ዳር ብዙ ሳይርቅ መራዊ ላይ አለ። አትክልት አምራቹ ኩባያውን ከነችግኙ አፈር ውስጥ ይቀብረዋል፣ ሥሩ ሳይነካ ይተከላል፣ ኩባያው በመስኖው ርጥበት ይበሰብሳል። አንዱ ትንሽ ኩባያ 10 ግራም ቢመዝን ከላይ የተሰላው 150 ኪሎ ጭረት 15,000 ኩባያ ይወጣዋል።

አልጌው ወደ ጉዳዩ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ካልሲየም አልጂኔት በተራ ውሃ የማይሟሟ በመሆኑ፣ በኩባያው ላይ በጣም ስስ ሆኖ ቢቀባ ጭረቱ ቶሎ እንዳይፈታ ሊይዘው ይችላል። ከውጭ የሚመጣው ነገር ዋና ጥሬ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ በግራም የሚለካ ቅብ ሲሆን የምንዛሪው ጥያቄም ይቀልላል። የአገር ውስጥ አማራጭ የንብ ሰም ነው፤ ከጠጅ ቤት የሚወጣው ሰፈፍ ተነጥሮ ውሃን የሚገፋ ቅብ ይሆናል። ሰም ግን የጧፍ ሠሪውም ጥሬ ዕቃ ስለሆነ ርካሽ አይደለም፣ ወፍሮ ከተቀባም መበስበሱን ያዘገየዋል። የትኛው ቅብ በምን ውፍረት ለስንት ሳምንት እንደሚያቆይ የሚወሰነው በቆጋ ማሳ ላይ በሚደረግ ሙከራ ነው፤ በከተማው ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለጭረት ምርመራ የሚሆን ሙያ ያለበት ቦታ መሆኑ ለዚህ ይጠቅማል። የሩዝ ስታርች ማያያዣ ይሁን የሚሉም አሉ። በፎገራ ስብርባሪው ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ስለሚሆን ከሰው አፍ የሚቀማ ጥሬ ዕቃ ላይ ባንመሠርተው እመርጣለሁ፤ ገለባው ግን ከእንቦጩ ጋር ለመቀላቀል ይሆናል፣ አረሙ በሚያንስበት ዓመትም ድርጅቱን ሥራ ከመፍታት ያድነዋል።

ሁለተኛው ምርት የእንቁላል መያዣ ሊሆን ይችላል። ደረቅ ነው፣ ቅርጹ በዚያው የወንፊት ዘዴ ይወጣል፣ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ይሠራል።

የሚበሰብስ የሚለውን ቃል በተመለከተ ገዢው መጠየቅ ያለበት የት ነው የሚበሰብሰው ብሎ ነው። የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 13432 አንድ ማሸጊያ በስድስት ወር ውስጥ 90 በመቶው መበስበሱን ይፈትናል፤ ፈተናው የተዘጋጀው ግን ሙቀቱ 58 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለሚደርስ የኢንዱስትሪ ብስባሽ ማምረቻ ነው። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራውና ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ይህንን ያልፋል፤ በጣና ዳር አፈርና ውሃ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ሙቀት ስለሌለ ለዓመታት ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላል። ያልተቀባ የእንቦጭ ጭረት ከዚህ ይለያል፤ በተራ አፈር፣ በተራ ሙቀት ይበሰብሳል።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የክፍያው ሥርዓት ነው። ለአረሙ በእርጥብ ኪሎ ከተከፈለ የሚገዛው ውሃ ይሆናል። በደረቅ ኪሎ ከተከፈለ ደግሞ አረሙ ገቢ ስለሚሆን ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ የሚፈልግ ሰው ይቀንሳል፤ ጥቂቱን ለከርሞ ማስቀረት ለሰብሳቢው ብልኅነት ነው፣ ለሐይቁ ግን ጥፋት። የተሻለው መንገድ ዋናውን ክፍያ ከአረም ጸድቶ ለተወሰነ ጊዜ ጸድቶ በቆየው የዳርቻ ስፋት ላይ ማድረግና ደረቁን ጭረት በአነስተኛ ተጨማሪ ዋጋ መረከብ ነው። ለጽዳቱ የሚከፈለው ከሐይቁ ጥበቃ በጀት፣ ለጭረቱ የሚከፈለው ከድርጅቱ ካዝና ይሆናል፤ ለሰብሳቢው ረጅም ቦት ጫማ፣ ጓንትና የቢልሃርዝያ ምርመራም በውሉ ውስጥ ሊገባ ይገባል። ይህ ውል በየቀበሌው ከሚያጸዱት አርሶ አደሮች ጋር ከመስከረም በፊት ካልተፈረመ፣ የዚያ ዓመት አረም ዳር ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ የኩባያ መቅረጫው ማሽን ያለ ሥራ ይከርማል።